ከኮሪያ የተመለሱት

እስቲ ከፒያሳ እንነሣ። ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ እንውረድ። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ አራት ኪሎ እንደርሳለን። እዚያ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አለ። በግቢው ኮሪያ ዘምተው የሞቱ ወታደሮች አርፈዋል።

ኮሪያ በምሥራቅ እስያ ያለ አገር ነው። ከእኛ በጣም ይርቃል። ታዲያ ልጆቻችንን እዚያ ምን ወሰዳቸው?

በሰኔ 1942 ዓ.ም. ሰሜን ኮሪያ ደቡብ ኮሪያን ወረረች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገሮች ሁሉ እንዲረዱ ጠየቀ። ኢትዮጵያም እሺ አለች። ምክንያት ነበራት። ኢጣልያ ወርራን በነበረ ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ጮኸን ነበር። የደረሰልን ግን የለም። የተወረረ ሕዝብ ምን እንደሚሰማው እኛ እናውቀዋለን።

ከክብር ዘበኛ ወታደሮች ተመረጡ። ጦሩም ቃኘው ሻለቃ ተባለ። «አባ ቃኘው» የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። አዎ፣ አሁን የተሻገርነው ድልድይ በስማቸው የሚጠራው ራስ መኮንን ናቸው።

የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሣ። ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፈረ። ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ላይ ተጓዘ። ኮሪያ ተራራማ ናት። ብርዷም በረዶ ያዘለ ነው። ልጆቹ እንዲያ ያለ ብርድ አያውቁም ነበር። በዚያ ተራራ ላይ ምሽግ ይዘው ተዋጉ።

አገር ቤት እናት ትጠብቃለች። በዚያ ዘመን ብዙ እናቶች ማንበብ አይችሉም ነበር። ደብዳቤ ቢመጣ እንኳ ለሚያነብ ሰው ይዘው ይሄዳሉ። ደጉንም ክፉውንም ወሬ ከሰው አፍ ይሰማሉ።

ተኩሱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ቆመ። ከቃኘው ልጆች ከ120 በላይ ሞተዋል። ከ500 በላይ ቆስለዋል። የተማረከ ግን አንድም የለም።

የሞቱትም በሰው አገር አልቀሩም። በኮሪያ፣ ቡሳን በሚባል ከተማ፣ የብዙ አገር ወታደሮች መቃብር አለ። ከኢትዮጵያውያን ግን እዚያ የቀረ የለም። ዐፅማቸው ወደ አገሩ ገብቷል።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ደርግ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆነ። ያን ጊዜ ስለ ቃኘው በአደባባይ ማውራት ቀረ። ሜዳሊያቸውን የደበቁ ዘማቾችም ነበሩ። ዘመኑ ሲለወጥ ግን በአፍንጮ በር ሐውልት ቆመላቸው።

ሰው ሁለት ጊዜ ይሞታል፤ አንዴ ነፍሱ ስትወጣ፣ አንዴ ስሙ ሲረሳ። ፊደል ቆጥረናል እኮ። እንግዲህ በዚያ ስናልፍ ቆም እንበል። ድንጋይ ላይ ስም ካገኘን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብበው። እናቱ ማንበብ ሳትችል ኖራ ይሆናል። እኛ እናንብብላት።