ዓባይ በረሃን በብስክሌት

ከአዲስ አበባው ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር ተነስቶ ብቻውን ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ብስክሌተኛ ዋናው ፈተናው ዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ሲወርድ ፍሬን የጨበጠ እጁ ይደነዝዛል፤ ወንዙ ዳር ደግሞ ሙቀቱ ይጠብቀዋል። ከወንዙ ድልድይ እስከ ደጀን ያለው ዳገት ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያስወጣል። ሰው፣ ብስክሌትና ጓዝ አንድ ላይ 100 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ 1,300 ሜትር ለመውጣት 1.27 ሚሊዮን ጁል ገደማ ሥራ ያስፈልጋል። ጡንቻ ግን ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ከሚያቃጥለው ኃይል ሩብ ያህሉን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሰውነት 1,200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያወጣል። ቀሪው ሙቀት ይሆናል፤ እሱን የሚያበርደው ላብም ውኃና ጨው ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ሙቀቱ ሳይበረታ ዳገቱን በማለዳ መጀመር እጅግ ይመረጣል። ብቸኛ ተጓዥ ውኃውን የሚያካፍለው ጓደኛ የለውም፤ የሚሸከመው እያንዳንዱ ሊትር ደግሞ አንድ ኪሎ ግራም ይጨምርበታል።