የአብራሪው ጂፒኤስ ፒን ሲጠይቅ

ያገለገለ የአብራሪ ጂፒኤስ በርካሽ ገዛችሁ እንበል። ስታበሩት ካርታው ቀርቶ ፒን ይጠይቃችኋል። ሻጩ ደግሞ ስልክ አያነሳም። ምን ታደርጋላችሁ?

ጋርሚን ለመኪና በሠራው ኑቪም ሆነ ለትንንሽ አውሮፕላኖች በሠራው ኤራ 500 ላይ «ጋርሚን ሎክ» የሚባል የስርቆት መከላከያ አለ። ባለቤቱ ባለ 4 አሃዝ ፒን ይመርጣል፤ አንድ የደኅንነት ቦታም ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ መሣሪያው በበራ ቁጥር ፒኑን ይጠይቃል። ፒኑን የረሳ ሰው መሣሪያውን ይዞ ወደ መዘገበው ቦታ ይሄዳል፤ እዚያ ሲደርስ ይከፈትለታል። ብልሃቱ ሌባው ዕቃውን ቢይዝም ቦታውን አለማወቁ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ የሚቆምበትን ሃንጋር አትመዝግቡ፤ ሌባው መጀመሪያ የሚመጣው እዚያው ነው።

ፒኑም ቦታውም ከተረሱ መሣሪያው ከግዢ ማስረጃ ጋር ወደ አምራቹ ይላካል። ደረሰኝ የሌለው ገዢ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

አብራሪዎች ሌላም ስጋት አለባቸው። አየር ላይ መሣሪያው ጠፍቶ ቢበራ ፒኑን የማያስታውስ አብራሪ ካርታውን በሚፈልግበት ሰዓት ሊያጣው ይችላል፤ ወደ ደኅንነት ቦታው መሄድም ያን ጊዜ አይታሰብም።

እናም ስትገዙ ሻጩ ፊታችሁ አብርቶ መቆለፊያውን ያጥፋ፣ ደረሰኙንም ይስጣችሁ። መቆለፊያ የምትሠሩ ዴቬሎፐሮች ደግሞ ከመቆለፋችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሐቀኛው ባለቤት በምን በኩል ይመለሳል?