የአሮጌ ፒክአፕ ውሃ ወዴት ይጠፋል?

ከመቱ ተነሥቶ ወደ ጎሬ ከፍታ የሚወጣ፣ ቡና የጫነ አሮጌ ፒክአፕ ሞተሩ እየጋለ በየዳገቱ ሲቆም፣ ባለቤቱ ውሃ ከመጨመር በቀር የሕማሙን ሥር ለመመርመር የማይተጋ ከሆነ፣ ውሎ አድሮ በአንድ የጎማ ቧንቧ ዋጋ ፈንታ የሞተር ዋጋ ይከፍላል።

ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ በሆነ ሥፍራ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ግፊቱን አምቆ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተር ክዳን ለደጋ መንገድ እጅግ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ምርመራው፣ ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከክዳኑ ላስቲክና ሞላ ይጀመራል። በጋለ ጊዜ የከፈተው ግን ፊቱን በእንፋሎት ያቃጥላል።

ክዳኑ ደኅና ከሆነ ፍሳሽ ይፈለግ፤ መቱና ጎሬ ያሉበት ኢሉባቦር ዝናም የማይለየው አገር በመሆኑ የመሬቱ መርጠብ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ መኪናውን ከጣራ ሥር አቁሞ፣ ማታ ደረቅ ካርቶን ከሞተሩ ሥር አንጥፎ፣ ጠዋት ጠብታው የወደቀበትን ሥፍራ ማስተዋል ይበጃል። ኮፋኖው ሲከፈትም በቧንቧዎቹ ማሰሪያ ዙሪያ፣ በራዲያተሩ መጋጠሚያና ከውሃ ፓምፑ በታች ባለችው ትንሽ ቀዳዳ የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ቢታይ፣ ኅቡዕ የነበረው ፍሳሽ ተገለጠ ማለት ነው።

ውጭው ሁሉ ደረቅ ሆኖ ውሃው ቢጎድል፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ሳያቋርጥ ቢወጣ፣ የሞተሩ ዘይትም ወተት እንደ ገባበት ቡና ቢደፈርስ፣ የቴስታታው ጋርኒሲዮን ሳይቃጠል አልቀረምና መኪናው ሳይነዳ ወደ ጋራዥ ይጎተት።