«ፈቃድ» የሚለው ቃል በድረ ገጽ ማስተናገድ ሙያ

«ፈቃድ» ከግእዝ የወረስነው ቃል ነው። በግእዝ «ፈቀደ» ማለት ወደደ፣ ፈለገ፣ ሻ ማለት ሲሆን፣ ይህ ጥንታዊ ፍች «በፈቃዱ መጣ»፣ «በእግዚአብሔር ፈቃድ» በሚሉት አነጋገሮች ውስጥ እስከ ዛሬ ይገኛል። በአማርኛ ቃሉ ሌላ ፍችም አዳብሯል፤ ያለ ባለሥልጣን ይሁንታ የማይደረገውን ለማድረግ መቻልን፣ ይህንንም የሚያረጋግጠውን ወረቀት ያመለክታል። የመንጃ ፈቃድ፣ የንግድ ፈቃድ የምንለው በዚህ ፍች ነው። የኮምፒዩተር ሙያ ደግሞ «የሶፍትዌር ፈቃድ» የሚለውን ሦስተኛ አገባብ አምጥቷል። ይህን አገባብ በድረ ገጽ ማስተናገድ በኩል ልናብራራ የወደድነው፣ የፍቾቹ መደበላለቅ በዚህ ሥራ ላይ በገንዘብም በሕግም የሚያስጠይቅ ስለ ሆነ ነው።

ድረ ገጽ አስተናጋጅ የምንለው የሌሎችን ድረ ገጾች በሰርቨሮቹ ላይ አኑሮ ለተመልካች እንዲደርሱ የሚያደርግና ለዚህም ክፍያ የሚቀበል ድርጅት ነው። በአገራችን ይህ ድርጅት የንግድ ፈቃድ ያወጣል። ይሁን እንጂ በሰርቨሩ ላይ የሚሠሩት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ካላቸው ሥራዎች መካከል ናቸው። የመጀመሪያውን ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥት ነው፤ ሁለተኛውን የሚሰጠው የሥራው ባለመብት ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው አንዱ ሌላውን የሚሸፍን ሊያስመስል አይገባም።

«ገዛ» የሚለውም ግሥ ያሳስታል። መጽሐፍ የገዛ ሰው የቅጂው ባለቤት ስለሚሆን ሊያውሰውና ሊሸጠው ይችላል። ሶፍትዌር «የገዛ» ግን በአብዛኛው ያገኘው በውል የተወሰነ የመጠቀም መብት ነው። ለምሳሌ አንድ መሥሪያ ቤት ለገዛ ራሱ ሥራ የሚያገኘው የዊንዶውስ ሰርቨር ተራ ፈቃድ፣ ያንኑ ሶፍትዌር ለደንበኞች አገልግሎት አድርጎ ማከራየትን አይጨምርም። ማይክሮሶፍት ለዚህ ኤስፒኤልኤ የተባለ ልዩ የአገልግሎት ሰጪዎች ውል አለው። በዚህ ውል አስተናጋጁ የተጠቀመበትን በየወሩ ቆጥሮ ያስታውቃል፤ እንደ ሶፍትዌሩ ዓይነትም በኮር ብዛት ወይም በተጠቃሚዎች ቁጥር ይከፍላል። ደንበኛው አስተናጋጁን ለቅቆ ሲሄድ ፈቃዱን ይዞ አይሄድም።

ልኩ ራሱ ሊለወጥ እንደሚችልም ማስተዋል ያሻል። ሲፓነል የተባለው የማስተናገጃ ማስተዳደሪያ ቀድሞ በሰርቨር ይከፈልበት ነበር፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ክፍያው በውስጡ ባሉት የደንበኞች መዝገቦች ብዛት ይወሰናል። ብዙ ደንበኞችን በአንድ ሰርቨር ላይ ላሰባሰበ አስተናጋጅ ይህ ለውጥ ቀላል አልነበረም።

«ነጻ ሶፍትዌር» የሚለው ሐረግም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አማርኛ «በነጻ»ን ከ«ነጻ» ይለያል፤ የመጀመሪያው ያለ ዋጋ፣ ሁለተኛው ያለ እስራት ማለት ነው። ሊኑክስን ያለ ክፍያ ማግኘት ቢቻልም ጂፒኤል በተባለ ፈቃድ ግዴታዎች የተያዘ ነው። በዚህ ፈቃድ የፕሮግራሙን ምንጭ የመስጠት ግዴታ የሚመጣው ቅጂውን ለሌላ ሲያስተላልፉ ነው፤ ፕሮግራሙን በሰርቨር ላይ ማሠራት ብቻ ይህን ግዴታ አያስከትልም። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤጂፒኤል 3ኛ እትም ግን ፕሮግራሙን አሻሽሎ በመረብ የሚያገለግልም ምንጩን ለተጠቃሚዎቹ እንዲያቀርብ ያስገድዳል።

እንግዲህ «ፈቃድ»ን በሌላ ቃል መተካት አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም፤ በቅጽል መወሰኑ ይበቃል። ስለዚህ የሚከተሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን።

የመጠቀም ፈቃድ፦ ባለመብቱ በውል የሚሰጠው፣ ባለቤትነትን የማያስተላልፍ የመገልገል መብት።

የውስጥ መጠቀሚያ ፈቃድ፦ ለተቀባዩ የራስ ሥራ ብቻ የተወሰነ የመጠቀም ፈቃድ።

የአስተናጋጅ ፈቃድ፦ ሶፍትዌሩን ለሌሎች በአገልግሎት መልክ ለማቅረብ የሚያስችል የመጠቀም ፈቃድ።

የፈቃድ መስፈሪያ፦ ክፍያው የሚታሰብበት ልክ፤ ኮር፣ ተጠቃሚ፣ መዝገብ ወይም ሰርቨር።

ውል የሚጽፍም ሆነ የሚተረጉም ሰው «ፈቃድ» ብሎ ብቻ ከማለፍ ይልቅ ማን ፈቀደ፣ ለማን፣ ለምን ሥራ፣ በምን መስፈሪያ ብሎ ቢጠይቅ፣ ተገቢው ስያሜ ከመልሱ ውስጥ ይወጣለታል።