«መንዝ ባና» የማን ስም ነው?

መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ላይ ሱቅ የሚከፍት ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው የአገሩ ስም ነው፤ መንዝ፣ ጓሳ። ዓለም ከተማ ላይ ከሆነም መርሐቤቴ ወይም ጀማ። አገርን መጥራት ደግ ነገር ነው። ጣጣው የሚመጣው ጎረቤትም ያንኑ የጻፈ ዕለት ነው።

ግለሰብ ነጋዴ በንግድ መዝገብ የሚሰፍረው በራሱ ስም ነው። ሱቁ በገበያ የሚታወቅበት መጠሪያ ደግሞ «የንግድ ስም» ይባላል፤ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ይመዘገባል። ሌላ ሰው ቀድሞ ካስመዘገበው ጋር አንድ የሆነ ወይም ገዢን የሚያሳስት ስም ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ ወደ ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ ሁለት ሦስት አማራጭ ይያዙ፤ ታፔላ የሚሠራው ስሙ ከጸደቀ በኋላ ነው።

«የንግድ ምልክት» ሌላ ጉዳይ ነው። ዕቃው ላይ የሚለጠፈውን ስምና ሥዕል የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ ጥበቃው 7 ዓመት ይቆያል፣ እየታደሰም ይቀጥላል። ብዙ ነጋዴ የንግድ ስሙን ካስመዘገበ ምልክቱም የተጠበቀለት ይመስለዋል። አይደለም።

ባናን እንይ። ሴቶቹ የመንዝ በግ ጠጉር ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፤ ብርዱን የሚያውቅ ሁሉ ያንን ከባድ ልብስ ያውቀዋል። አንድ ነጋዴ «መንዝ ባና» ብሎ ምልክት ላስመዝግብ ቢል አዋጅ ቁጥር 501/1998 አያግዘውም፤ የዕቃውን ዓይነትና የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ቃል የአንድ ሰው ሊሆን አይችልም። ይህ ትክክል ይመስለኛል፤ አለዚያ የቀረው ሸማኔ የገዛ አገሩን ስም ከልካይ ይመጣበታል። መፍትሔው ከአገሩ ስም ጎን የራስ የሆነ ቃል ማኖር ነው፤ የእናት ስም ሊሆን ይችላል፣ ገበያው ያልለመደው ቃልም ይሆናል። ሸማኔዎቹ በማኅበር ከተደራጁ ደግሞ ሕጉ ለአባላት ሁሉ የሚያገለግል የጋራ የንግድ ምልክት ይፈቅዳል። ለመንዝ የሚበጀው ይኼኛው ነው ባይ ነኝ።

የቦታ ስም መያዝ ለመንግሥትም ቀላል አልነበረም። ኢትዮጵያ ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋ ጨፌን በቡና ምልክትነት ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ አመለከተች፤ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፣ በዚሁ ጉዳይ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብም በስምምነት ያለቀው በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ወር ነው።

ወደ ሱቁ ስም እንመለስ፤ ስም መቀየር የሚፈልግ ነጋዴ ታፔላውን ከማውረዱ በፊት የንግድ ስሙን በመዝገብ ያስለውጥ። ፈቃዱ፣ የግብር ከፋይ መረጃው፣ ደረሰኙና የባንክ ሒሳቡ ይከተላሉ። ደረሰኙ አሮጌውን፣ ፈቃዱ አዲሱን ስም የያዘ እንደሆነ ዕቃ የገዛው መሥሪያ ቤት ክፍያ ላይ ጥያቄ ያነሣል። ለደንበኞችም ለጥቂት ወራት «የቀድሞው እገሌ ሱቅ» የሚል ጽሑፍ ከአዲሱ ስም ሥር ይቆይላቸው፤ ከገጠር በገበያ ቀን ብቻ የሚመጣ ሰው ሱቁ የተዘጋ መስሎት ያልፋል።

ሱቁን ከነስሙ ከሌላ ሰው የሚገዙ ከሆነ፣ ስሙ አብሮ መተላለፉን ውሉ ላይ በግልጽ ያጽፉ። ሻጩ እዚያው ከተማ በዚያው ስም ሌላ ሱቅ እንዳይከፍት የሚል ቃልም ይጨመርበት።