መጫን ስለ ምን ያፈርሳል?

ሶፍትዌርን ከትእዛዝ መስመር፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት፣ መጫን ኮምፒዩተርን ያፈርሳል የሚለው ወሬ ስሕተት ነው፤ ሰዎችን ከጠቃሚ መሣሪያ ከማራቁም በላይ የብልሽቱን እውነተኛ ምንጭ ይሸፍናል። ለማስረጃነት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 በዩቲዩብ የታየው ክስተት ሲሆን፣ «ፖፕ ኦኤስ» በተባለው የሊኑክስ ስርዓት ላይ «ስቲም» የተሰኘውን የጨዋታ መተግበሪያ ለመጫን የተሰጠ ትእዛዝ የዴስክቶፑን ገጽታ ጠራርጎ አስወግዶታል።

የሆነውን ለመረዳት ሁለት ቃላትን ማወቅ ያስፈልጋል። ጥቅል የሚባለው የአንድ ፕሮግራም ፋይሎች ከመግለጫቸው ጋር በአንድነት የታሰሩበት ነው፤ ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚገለገሉበት የኮድ ክምችት ደግሞ ላይብረሪ ይባላል።

ዋናው ጉዳይ ጥገኝነት ነው። እያንዳንዱ ጥቅል የሚያስፈልጉትን ሌሎች ጥቅሎች፣ የሚፈልገውን ዕትማቸውንና አብረውት ሊኖሩ የማይችሉትን የሚዘረዝር መግለጫ ይዞ ይመጣል፤ ደቢያን በተባለው የሊኑክስ ስርዓትና እንደ ፖፕ ኦኤስ ከእርሱ በወጡ ስርዓቶች የሚሠራው «አፕት» የተባለው ጥቅል አስተዳዳሪም «አፕት ኢንስቶል» ሲባል መግለጫዎቹን አመሳክሮ ሁሉም ተስማምተው የሚኖሩበትን ስብስብ ይፈልጋል። ሥራው የተቀያየሙ ሰዎችን ጎን ለጎን ሳያስቀምጥ ዳሱን ሊሞላ የሚደክም የሠርግ አስተናጋጅን ይመስላል፤ መላው ሲጠፋ አንዱን እንግዳ ከዳሱ ማስወጣትንም እንደ አማራጭ ያቀርባል።

ስቲም ባለ 32 ቢት ላይብረሪዎችን ይሻል፤ የአንድ ላይብረሪ የ32 እና የ64 ቢት ቅጂዎች ጎን ለጎን ሲጫኑ ደግሞ ዕትማቸው አንድ መሆን አለበት፤ በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች አንዱ ቀድሞ ሌላው ሊዘገይ አይችልም። በዚያ ወቅት የፖፕ ኦኤስ አዘጋጆች ካሻሻሉት ጥቅል ባለ 32 ቢቱ ቅጂ ጥቅሎች ወደሚወርዱበት ማከማቻ ሳይወጣ ቀርቶ ስለ ነበር፣ አፕት ጥንዱን ለማመሳሰል ፖፕ ኦኤስ ወደ ተመሠረተበት ስርዓት፣ ወደ ኡቡንቱ፣ ዕትም መመለስ ግድ ሆነበት፤ በተሻሻለው ዕትም ላይ የቆሙት የዴስክቶፕ ጥቅሎችም ምሰሶው እንደ ተነቀለ ጎጆ አብረው ወደቁ። አፕት ይህን አልደበቀም፤ የሚወገዱትን ዘርዝሮ፣ ለስርዓቱ መሠረታዊ መሆናቸውን አስጠንቅቆ፣ «አዎ፣ ያልሁትን ፈጽም» የሚል ትርጉም ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲተየብ ጠይቆ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩም ተተየበ።

ማስወገድም የራሱ ስሌት አለው። አፕት በስሙ ተጠርቶ የተጫነውን ጥቅል «በእጅ»፣ እርሱን ተከትሎ የመጣውን ላይብረሪ «በራሱ» ብሎ ይመዘግባል። «አፕት ሪሙቭ» ፕሮግራሙን አንሥቶ የስርዓቱን የቅንብር ፋይሎች ይተዋል፤ «አፕት ፐርጅ» እነርሱንም ያጠፋል፤ «አፕት አውቶሪሙቭ» ደግሞ «በራሱ» ከተባሉት መካከል ፈላጊ ያጡትን ይጠርጋል። ለድግስ በውሰት የመጣ ድስት ድግሱ ሲያልቅ ይመለሳል፤ ጎረቤት ገና ወጥ እየሠራበት ከሆነ ግን አይነካም።

ይህ ሥርዓት ግን በሁሉም ዘንድ የለም፤ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጥቅል አስተዳዳሪ «ፒፕ» አንድን ጥቅል ሲያነሣ ተከትለውት የመጡትን ይተዋል፣ ሌላ ጥቅል የቆመበትን ላይብረሪም ቢሆን ሳያስጠነቅቅ ይነቅላል። አፕትንም ፍጹም ነፃ ማውጣት አይገባም፤ ጀማሪ ተጠቃሚ በረጅም የስሞች ዝርዝር ውስጥ ዴስክቶፑን ለይቶ ማየት ይችላል ብሎ መጠበቅ ይከብዳልና፣ የትእዛዝ መስመሩን የሚፈሩ ሰዎች ተቃውሞ ሚዛን አለው። የአፕት አዘጋጆችም ይህን ተረድተው ከዕትም 2.3.12 ጀምሮ ያንን ዓረፍተ ነገር በመተየብ ብቻ መሠረታዊ ጥቅሎችን ማስወገድ እንዳይቻል አድርገዋል።

ስለዚህ ጥንቃቄው ከመስኮቱ መሸሽ ሳይሆን ስሌቱን አስቀድሞ ማየት ነው፤ በ«አፕት ኢንስቶል» ላይ የ«ኤስ» አማራጭ ሲጨመር አፕት አንድም ፋይል ሳይነካ ዕቅዱን ብቻ ያሳያል፣ እንዲጫን በታዘዘው ጥቅል ምክንያት የሚወገዱ ካሉም ስማቸው ገና ምንም ሳይነቀል ይነበባል።