ሐሳብ የጣለው ገበሬ ሰነፍ አይደለም

በሰኔ ወር ጎረቤቱ ሁሉ በሬ ጠምዶ ሲወጣ ማሳውን ጦም ያሳደረ ገበሬ ብዙውን ጊዜ «ሰነፍ» ይባላል። ይሁንና ይህ ሰው አምና ሲያርስም ሆነ ሲያርም የሚቀድመው ያልነበረ ሊሆን ይችላል። በመካከሉ በሬው ሞቶበታል፤ ወይም ልጁን ቀብሯል፤ ወይም የማዳበሪያ ዕዳ አስጨንቆታል። ሥራውን የተወው ሰንፎ ሳይሆን መንፈሱ ታሞ ይሆናል።

ማዘን በራሱ በሽታ አይደለም። ሰው የሚወደውን ሲያጣ ያለቅሳል፤ እድርተኛው ያስተዛዝነዋል፤ ቀን እየገፋ ሲሄድ ሐዘኑ ይቀልለታል። ሆኖም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ቢከፋው ወይም ይወደው የነበረው ሥራና ጨዋታ ቢያስጠላው፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ቢሉት፣ ጉልበት ቢያጣና «የእኔ መኖር ምን ይጠቅማል» ማለት ቢጀምር፣ ድባቴ የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላል። ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ «ራሴን ያመኛል፤ ልቤን ያቃጥለኛል» ይላል እንጂ «ከፍቶኛል» አይልም። አረቄም ለጊዜው ቢያስረሳው ሕመሙን ያብስበታል።

ሕመሙ የከተማ ሰው ብቻ አይደለም። በቡታጅራ አካባቢ ከ1990 እስከ 1993 ዓ.ም. በተካሄደ ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው ከ68,000 በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው መካከል ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ።

ታዲያ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ምን ማድረግ ይችላሉ? በመጀመሪያ፣ ከስብሰባና ከእድር የቀረውን ሰው መቅጫ ከመጣል በፊት ቤቱ ሄዶ «ምን ሆንክ ወንድሜ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻ ማነጋገር፣ ከመምከርም ይልቅ ማዳመጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ በሬ ለጎደለው መቀናጆ መፈለግ፣ እርሻው እንዳያልፍበትም ደቦ መጥራት ነው። የአንድ ቀን ደቦ ከብዙ ቀን ምክር ይልቅ የሚያጽናናበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛ፣ ሕመሙ የጸናበትን ሰው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። ድባቴ በምክርም በመድኃኒትም ይታከማል። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን የታዘዘለትን መድኃኒት ማቋረጥ የለበትም።

ሕመምተኛው ሞትን የሚመኝ ከሆነ ግን ጉዳዩ ለነገ አይባልም። ራሱን ለመጉዳት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ቢጠየቅ ነገሩን አያባብሰውም፤ እንዲያውም የልቡን እንዲናገር መንገድ ይከፍትለታል። ወደ ሐኪም እስኪደርስ ብቻውን አይተውት፤ የፀረ ተባይና የነቀዝ መድኃኒትም ከቤቱ ወጥቶ ሌላ ሰው ዘንድ ይቆለፍበት።

በመጨረሻም የሰውን ጠብ ሲዳኝና የሰውን ችግር ሲሸከም የሚውለው መሪ ራሱ ሊዝል እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባል ለእርሱም ይሠራል።